ጎማዬ ባይተነፍስ ኖሮ

(በባሕር ዳር ለብስክሌት ተጠቃሚዎች በተዘጋጀ የምሽት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

አዘጋጆቹ ስለ ብስክሌት እንድናገር ሲጋብዙኝ ያሰቡት ስለ ጤና ጥቅሙና ስለ ነዳጅ ቁጠባው እንዳወራ ነበር። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ባታውቁት ኖሮ ግማሾቻችሁ ዛሬ ብስክሌታችሁን በር ላይ አስራችሁ ባልገባችሁ ነበር። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ርእሱን ለወጥኩት። የምናገረው ወደ ሥራ ስንመላለስ ስለሚያጋጥሙን የብስክሌት ብልሽቶች፣ በተለይም በዕለቱ ሲያናድዱን ውለው ኋላ ለበጎ ሆነው ስለተገኙት ነው።

በእኛ አገር አንድ ነገር ሲበላሽ አጠገብ ያለ ሰው «ለበጎ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሸክላ ሲሰበር ለበጎ ነው፤ አውቶቡስ ሲያመልጥም ለበጎ ነው። እኔ ይህን ቃል ለብዙ ዓመታት እንደ ማጽናኛ እንጂ እንደ ቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አሁንም ቢሆን ብልሽት ሁሉ ለበጎ ነው የሚል እምነት የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝም ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ሆኖም ከብስክሌት ብልሽት ተከትሎ የሚመጣ ዕድል፣ ከብስክሌቱ ከራሱ ጠባይ የሚመነጭ ምክንያት እንዳለው ደርሼበታለሁ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ቤቴ ዓባይ ማዶ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ከተማው መሀል ስለነበር ጠዋትና ማታ ድልድዩን በብስክሌት እሻገር ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትገኝም መሬቷ ሜዳ ነው፤ በብስክሌት ምቾት ምናልባት ሐዋሳ ትከራከረን እንደሆነ እንጂ ሌላ ከተማ የሚደፍረን አይመስለኝም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ማለዳ፣ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ጋብ ሲል ጠብቄ ወጣሁ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ስብሰባ ነበረብኝ፤ ስብሰባውን የምመራውም እኔ ነበርኩ። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረኝ የፊት ጎማዬ ፉስ አለና ተነፈሰ።

በዚያን ሰዓት የተናገርኩትን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ወርጄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ብስክሌቱን በጭቃው ውስጥ እየገፋሁ ከመንገዱ ዳር ዋርካ ሥር ወደሚሠራ አንድ ወጣት ጎሚስታ ሄድኩ። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ አየዋለሁ፤ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። ብስክሌቱን ተቀብሎኝ ገለበጠና በኮርቻውና በመሪው አቆመው። ጎማውን በሁለት የማንኪያ እጀታዎች ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን አወጣ፤ በፓምፕ ነፋውና ጠርዙ በተቆረሰ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ውሃው ላይ እየነከረ ቀስ እያለ አዞረው። ከአንድ ቦታ ቀጭን የአረፋ መስመር ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ቦታውን በአውራ ጣቱ ይዞ አደረቀው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ማስቲሽ ቀባው። ከአሮጌ ካላማዳሪያም የሳንቲም ያህል ክብ ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ እሱንም ቀባና ሁለቱን ለየብቻ አስቀመጣቸው።

«ለጥፈው እንጂ!» አልኩት ሰዓቴን እያየሁ።

«ማስቲሹ ሳይደርቅ ከለጠፍኩት ነገ ይመለሱብኛል፣ ጋሼ» አለኝ።

ይህን ንግግር የወለደችው ያቺ ማስቲሽ እስኪደርቅ የምትጠበቅ አምስት ደቂቃ ናት። እጁ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አልወደደም መሰለኝ፣ ቡትቶ ጨርቅ አንሥቶ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዘው ሹካ ላይ የደረቀውን ጭቃ ይጠርግ ጀመር። ጠርጎ ጠርጎ አንድ ቦታ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከሹካው የግራ እግር አናት ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች፤ ከመስመሯም ቡናማ ዝገት ወርዶ ደርቋል። «ይቺ የቀለም ጭረት አይደለችም» አለኝ፤ «ጭረት ብትሆን ዝገቱ ላይ ላዩን በቀረ ነበር፤ ይኼ ከውስጥ እየወጣ ነው።» ብስክሌቱን አቅንቶ የፊት ፍሬኑን ያዘና መሪውን ገፋ፣ ሳብ ሲያደርገው መስመሯ ስትከፈትና ስትዘጋ በዓይኔ አየሁ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብስክሌት የምትነዱ ሁሉ ትረዱታላችሁ። የፊት ፍሬን ስንይዝ ክብደታችን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ጫና ታዲያ የሚያርፈው በሹካው ላይ ነው። ሹካው ደግሞ እንደ ጎማ ቀስ ብሎ አይተነፍስም፤ ሲሰበር በአንድ ጊዜ ነው፣ የሚሰበረውም ፍሬን አጥብቀን በያዝንበት ቅጽበት፣ ማለትም ባጃጅ ድንገት ሲቆርጥብን ወይም ልጅ መንገድ ውስጥ ሲገባብን ነው። እኔ ያን ዕለት ድልድዩ ላይ፣ በከባድ መኪናዎች መካከል ልሆን የቀረኝ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። «ብየዳ አይዘውም?» ብዬ ጠየቅኩት። «እዚህ ቦታ ላይ ብየዳ አላምንም» አለኝ። ከአንድ አሮጌ ብስክሌት ላይ የተፈታ ደኅና ሹካ በማግሥቱ ገጠመልኝ። ስብሰባው ያለ እኔ ተጀምሮ ያለ እኔ አለቀ፤ ማንም እንዳልጎደለበት ኋላ ተረዳሁ፤ ይህንንም ለራሴ እንደ ትምህርት ወሰድኩት።

ሁለተኛው ገጠመኜ ሕይወትና ሞትን የሚመለከት አይደለም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው አያንስም። በ2006 ዓ.ም. አከራዬ ቤቱን ለልጃቸው ስለፈለጉት ቤት ፍለጋ ሦስት ወር ተንከራተትኩ። ደላላ ያሳየኝ ቤት ሁሉ ወይ ኪሴን የሚያራቁት ወይ ውሃ የሌለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ካቴናዬ ተበጥሶ ያው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ከሱ ዘንድ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት እትዬ የልጃቸውን ትንሽ ብስክሌት እያስጠገኑ ተቀምጠዋል። ጎሚስታው ካቴናውን እያያያዘ «ጋሼ፣ ቤቱ ተገኘ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ባለፈው ሳማርረው ሰምቶ ኖሯል። እትዬም ዞር ብለው «የምን ቤት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው፤ ከግቢያቸው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ አምስት ዓመት ኖርኩ፤ ለደላላ አንዲት ሳንቲም አልከፈልኩም፤ የቡና ጠረናቸው ሲሸተኝ ተጠርቼ እስክገባ እንኳ አልጠብቅም ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አየሁ። የመኪና ብልሽት ሰውን መኪናው ውስጥ ይቆልፈዋል፤ መስኮት ዘግቶ ስልክ ይደውላል፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋበታል። የብስክሌት ብልሽት ግን በአንድ አፍታ እግረኛ ያደርገናል። የምንገፋት ነገር ቀላል ስለሆነች የትም ጥላ ሥር ልናስጠጋት እንችላለን፤ እጃችን በጥቁር ቅባት የተበከለ ስለሆነ ኩራታችንም ይቀንሳል፤ የምንፈልገውም ነገር፣ ፓምፕ ቢሆን መፍቻ ወይም የእጅ መታጠቢያ ውሃ፣ ከሰው የሚገኝ ነው። ያለ ብልሽቱ በሰላሳ ሴኮንድ የምናልፈው መንገድ ዳር ግማሽ ሰዓት እንድንቀመጥ እንገደዳለን። ዕድል የሚባለው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ነው።

በዚህ ረገድ የጎሚስታ ሙያ ምን ያህል እንደሚረሳ ሳስብ ይቆጨኛል። ቃላቱ አብዛኞቹ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካቴና የምንለው ሁሉ ከዚያ ነው። ቃሉን ከባዕድ ተውሰን ሙያውን ግን የራሳችን አድርገነዋል፤ የተነፈሰ ኳስም፣ የባጃጅ ጎማም፣ የሰፈር ወሬም የሚጠገነው እዚያው ዋርካ ሥር ነው።

የሚገርመው፣ የብስክሌት ታሪክ ራሱ በእንዲህ ያሉ ብልሽቶች የተሞላ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ በ1888 በስሙ ያስመዘገበው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ የሠራውም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነው። ሐሳቡን ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞት አስመዝግቦት ስለተገኘ ኋላ መብቱ ተሰርዞበታል። ጎማው ግን ምቾቱና ፍጥነቱ ስለተወደደለት ተስፋፋ። አንድ ክፉ ችግር ነበረበት፤ ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የተለጠፈ ስለነበር ሲበሳ መጠገኑ ጭንቅ ነው። በ1889 በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ጎማው የተበሳበት አንድ ብስክሌተኛ የሚሼሊን ወንድማማቾች ወደሚመሩት የላስቲክ ፋብሪካ መጣ። ያን ጊዜ ሚሼሊን የመኪና ጎማ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መኪናም ገና እንግዳ ነገር ነበር። ጎማውን ፈልቅቀው ለመጠገን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው፤ ከዚያም ማጣበቂያው እንዲደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ነበረባቸው። በማግሥቱ ኤዱዋር ሚሼሊን ሊሞክረው በግቢው ውስጥ ቢነዳው ጥቂት መቶ ሜትር ሳይሄድ ጎማው ተመልሶ ተነፈሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ የዚያን ብስክሌተኛ ፊት አስቡት። አንድ ሙሉ ቀን ባክኖበታል፤ ሌላ ከተማ የሚጠብቀው ጉዳይ ይኖረው ይሆናል፤ ጎማው ደግሞ አሁንም ባዶ ነው። ለእሱ ከዚህ የተረፈ በጎ ነገር ያለ አይመስለኝም። ኤዱዋር ግን ጎማው ምቾቱ ወደር እንደሌለው፣ የጎደለው በቶሎ መፈታት ብቻ እንደሆነ ገባው። በ1891 ወንድማማቾቹ ከቸርኬው ተፈትቶ የሚገጠም ጎማ አስመዘገቡ፤ በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ ተጠቅሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የመጀመሪያውን የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ውድድር አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት ወንድማማቾቹ ራሳቸው ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ውድድር አዘጋጁና በመንገዱ ላይ ሚስማር በተኑ፤ ጎማቸው ቢበሳም በቶሎ እንደሚጠገን ለማሳየት ነው። የዛሬ ሰው ይህን ቢያደርግ በፍርድ ቤት ይጠየቅበት ነበር! የእኛ ጎሚስታ ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ በደቂቃዎች ውስጥ ካላማዳሪያውን ማውጣት የቻለው ግን የዚያን ብስክሌተኛ መከራ ባዩ ሰዎች ሥራ ምክንያት ነው።

ከጣልያንም ተመሳሳይ ታሪክ ይነገራል። በ1927 ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለ ተወዳዳሪ ክሮቼ ዳውኔ በሚባል ተራራ መተላለፊያ ላይ በበረዶ ውስጥ ሲወጣ የኋላ ጎማውን ፈቶ መገልበጥ አስፈለገው። የዚያን ዘመን ማርሽ የሚቀየረው እንዲያ ነበር። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ብሎኑን መፍታት አቃተው፤ ከዚህ በኋላ ያለ መፍቻ በአንድ እጀታ ብቻ የሚላላና የሚጠብቅ የጎማ ማሠሪያ ፈለሰፈ፤ ዛሬ በብዙ ብስክሌቶች ላይ የምናየው ማለት ነው። የዚያን ቀን በረዶ የሚጠራጠሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ ጥርጣሬያቸው ትክክል ቢሆን እንኳ የደነዘዘ ጣት ችግር እውነተኛ መሆኑን ክረምት ላይ በሐይቁ ነፋስ የነዳችሁ ትመሰክራላችሁ።

ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ግን ብስክሌቱ የተበላሸበትን ሳይሆን ጭራሽ የጠፋበትን ልጅ ታሪክ ነው። በ1954 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አዲስ ቀይና ነጭ ሽዊን ብስክሌቱን አቁሞ ከጓደኛው ጋር ወደ አንድ ትርኢት አዳራሽ ገባ። ፈንዲሻ በነፃ ይታደል ነበር። ጠግበው ሲወጡ ብስክሌቱ የለም። ልጁ እያለቀሰ ፖሊስ ሲፈልግ እታች ምድር ቤት አንድ እንዳለ ነገሩት። ጆ ማርቲን የሚባለው ይህ ፖሊስ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ እዚያ ምድር ቤት ልጆችን ቦክስ ያሠለጥን ነበር። ልጁ ሌባውን ካገኘው ድብደባ እንደሚያቀምሰው ሲዝት ሰማውና፣ እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ መደባደብ ብትማር ይሻላል አለው። ልጁ ካሽየስ ክሌይ ነው፤ ዓለም ኋላ ሙሐመድ አሊ ብሎ ያወቀው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ በሮም ኦሎምፒክ የቦክስ ወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዚያው ሮም የኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፏል፤ አንዱን ወደ ሮም ያደረሰው የተሰረቀ ብስክሌት፣ ሌላውም ጫማ ሳያደርግ መግባቱን ሳስብ፣ ያን ጊዜ ሮም የዕቃ ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች የምትወድ ከተማ ነበረች እላለሁ። ብስክሌቱ አልተገኘም። እዚህም ላይ ልብ በሉ፤ ልጁን ዕድለኛ ያደረገው የሌባው እጅ ብቻ አይደለም። ፖሊሱ በሌላ ሕንፃ ውስጥ በጽሕፈት ጠረጴዛ ኋላ ቢቀመጥ ኖሮ ማመልከቻ ጽፎ ያሰናብተው ነበር።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። አንድ መምህር የሆነ ወዳጅ አለኝ፤ ከሥራ ሲመለስ የፍሬኑ ገመድ ተበጠሰና አደባባዩ ጋ ወድቆ የቀኝ አንጓው ተሰበረ። ሦስት ወር ጠመኔ መያዝ አልቻለም። ልንጠይቀው ስንሄድ ጠያቂው ሁሉ በተራ «ለበጎ ነው፤ ከባሰ ሰውሮሃል» ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ትዕግሥቱ አለቀና «በጎው መቼ ነው የሚመጣው? ቀኑን ንገሩኝና ልጠብቀው» አለ። ይኸው አሥር ዓመት አለፈው፤ ብርድ ሲሆን አንጓውን ከማመሙ በቀር የመጣ ነገር የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ የተጎዳ ሰው ፊት ያንን ቃል አልናገርም። በጎነቱን መናገር የሚችል ካለ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እሱም ከቆየ በኋላ።

ደግሞም እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ጎማዬ ከመቶ ጊዜ በላይ ተነፍሷል። እዚህ ቆሜ የነገርኳችሁ ግን ሁለት ገጠመኝ ነው። የቀሩት ያረፈደ ሰው፣ የተቆሸሸ ሸሚዝና የወጣ ገንዘብ ናቸው፤ እነሱን የሚተርክ ሰው የለም። ዕድለኛ ብልሽት ብዙ የሚመስለን የምናወራው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

ቢሆንም ሁለት ልማድ አተረፍኩ። ብስክሌቴ ለጎማ ሲገለበጥ ያን አጋጣሚ ለሌላውም ነገር እጠቀምበታለሁ፤ አብዛኞቻችን ብስክሌታችንን ከሥር የምናየው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ሹካውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ የፍሬን ገመዱ ጫፍ ላይ የተላጨ ሽቦ መኖሩን አያለሁ፤ የፍሬኑ ጎማ ከማለቁ የተነሣ ብረቱ ቸርኬውን መንካት አለመጀመሩን አረጋግጣለሁ። ቀዳዳውንም እጠይቀዋለሁ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ወይም ሚስማር ነው፤ ጎማውን ከውስጥ በጥንቃቄ ዳስሼ ካላወጣሁት ያው እሾህ ነገ ይበሳኛል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጎማው በቂ አየር ሳይኖረው የድንጋይ ጠርዝ ስመታ ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቋል ማለት ነው። ሁለተኛው ልማዴ ደግሞ፣ ጎማዬ ሳይተነፍስም ቢሆን አልፎ አልፎ ዋርካው ሥር ጎራ እላለሁ። ጎሚስታው አሁን ሁለት ረዳቶች አሉት፤ ሳፋው ግን ያው ጠርዙ የተቆረሰው ሰማያዊ ነው።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ የራሴ ጥያቄ አለኝ። ስመጣ የኋላ ጎማዬ ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር፤ አሁን በር ላይ ቆሞ ጨርሶ ሳይተኛ አይቀርም። ፓምፕ የያዘ ሰው ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፈልጉኝ።